መሬቱ ኮምጥጧል፤ ማዳበሪያ መደራረብ አያድነውም

የዘራው ገብስ በቅሎ፣ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ የቀረበት የደጋ ገበሬ መጀመሪያ የሚወቅሰው ዘሩን ነው። ቀጥሎ ዝናቡን፣ ቀጥሎ ማዳበሪያውን። በሚቀጥለው ዓመት ተበድሮም ቢሆን ማዳበሪያ ይጨምራል። ቡቃያው ግን አሁንም ያው ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት «መሬቱ አረጀ» ይላል።

መሬቱ አላረጀም፤ ኮምጥጧል።

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማነት እንዳለበት በተደጋጋሚ ይነገራል። ጎጃም፣ ወለጋ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ በአጠቃላይ ዝናብ የማይነፈገው ደጋና ወይናደጋ ዋነኛው ተጠቂ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየምን እያጠበ ይወስዳል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይሄዳል፤ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ለዓመታት የተጨመረው ዩሪያና ዳፕም በበኩሉ አፈሩን ያኮመጥጣል። ገበሬው መድኃኒት ብሎ በብድር የገዛው ነገር በሽታውን ሲያባብስ ኖሯል ማለት ነው።

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ይኮመጥጣል። ልኬቱ አሳሳች ነው፤ ከ6 ወደ 5 የወረደ መሬት አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ጨምሯል። ከ5.5 በታች ሲሆን በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና የለጋውን ሥር ጫፍ ይመርዛል። ቡቃያውን ነቅሎ ያየ ሰው ሥሩን አጭር፣ ወፍራምና ቅርንጫፍ አልባ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ተክል ትንሽ ወረድ ብሎ እርጥበት እያለ ይጠማል። ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይተሳሰርና ማሳው ላይ ተበትኖ እያለ ለሥሩ አይደርስም፤ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ባቄላ ከሆነ ደግሞ በሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎች አይመቻቸውም፤ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል።

እርግጥ ቢጫ ቅጠል ሁሉ የአሲድ ምልክት አይደለም። ውኃ የተኛበት ማሳም ቢጫ ያደርጋል። ለዚህ ነው መገመት ትቶ መለካት የሚያስፈልገው።

ነገሩን ገበሬው ጨርሶ አያውቀውም ማለት ግን አይደለም። የጓሮው ጎመን ለምን ከሩቁ ማሳ ሰብል እንደሚያምር ይመልከቱ። እናቶች በየቀኑ የምድጃውን አመድና የበረቱን ፍግ የሚደፉት እዚያ ነው። አመድ ኮምጣጤውን ያበርዳል። ችግሩ አንድ ቤት የሚያወጣው አመድ ከጓሮ አልፎ ማሳ አይደርስም።

ለማሳ የሚሆነው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ከአባይ በረሃ እስከ ድሬዳዋ ሞልቶናል። የጎደለው ማጓጓዣው ነው። በሄክታር 30 ኩንታል ያስፈልጋል ብንል፣ ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው 15 ኩንታል ማለት ነው። አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጭን 30 ምልልስ! ማዳበሪያ በአንድና በሁለት ኩንታል ስለሚቆጠር ይደርሳል፤ ኖራ ግን መንገድ ዳር ከተራገፈ እዚያው ይቀራል። ከዚያ «ገበሬው ኖራ አልቀበልም አለ» የሚል ሪፖርት ይጻፋል።

አማራጭ ያገኙም አሉ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ ሰብል ያልሰጠውን መሬት ዲከረንስ ተክሎበት ከሰል ሲሸጥ ቆይቷል። ብልህነት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ግን ዛፉ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ የሚችለው ሌላ የሚበላ ያለው ነው። አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ያለው ምን ይሁን?

ስለዚህ ለማዳበሪያ የሚመደበው መኪና፣ ብድርና ዘመቻ ለኖራም ይመደብ። አንዴ በትክክል የተሰጠ ኖራ ለዓመታት ያገለግላል፤ ማዳበሪያ በየዓመቱ ይገዛል። ሂሳቡ ይኸው ነው።

ገጠር አባት፣ ወንድም ወይም አጎት ያላችሁ ደግሞ በበጋ ስትደውሉ አንድ ነገር ጠይቁ፤ «አፈሩ ተመርምሯል?» ከማሳው ከበርካታ ቦታ ተወስዶ የተደባለቀ አፈር በግብርና ባለሙያው በኩል ወደ ምርመራ ይላክ። ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይታረስ፤ ላዩ ላይ ብቻ ከተበተነ ወደ ሥሩ ሳይደርስ ይቀራል። መጠኑም ምርመራው ያለው ይሁን፤ ሲበዛ ዚንክና ብረትን ከተክሉ ያርቃል።

ሰኔ ላይ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ከታየ በኋላ የዚያ ዓመት ነገር አብቅቷል። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት በጥርና በየካቲት ነው።