ከቁጥሩ በፊት ዓረፍተ ነገሩ፤ ከአንድ የንባብ ክበብ ልምድ

በውጭ አገር ለሚማር ኢትዮጵያዊ ተሰብስቦ ማንበብ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የነበሩት የተማሪ ማኅበሮቻችን የጥናት ክበቦች ነበሯቸው፤ አንብበዋል፣ ተከራክረዋል፣ ተጣልተዋልም። የእኛ ትንሽ ክበብ ከነዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የምናነበው የኮምፒዩተር ሥነ ልሳን የምርምር ጽሑፎችን ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የሰውን ቋንቋ እንዴት እንደሚከፋፍል፣ እንደሚረዳና እንደሚተረጉም የሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ ነው። ሆኖም ከቀደሙት የወረስነው አንድ ልማድ አለ፤ እሱም ግለ ሂስ ነው። ይህ ጽሑፍ በዚሁ ልማድ የቀረበ ሲሆን፣ ስሕተቱም በመጀመሪያ ደረጃ የኔ ነው።

ክበቡ የተጀመረው በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) በዚህ የትምህርት ዘርፍ ከታወቁት ጉባኤዎች አንዱ፣ ኢ.ኤም.ኤን.ኤል.ፒ. የሚባለው፣ አቡ ዳቢ ላይ ከተካሄደ በኋላ ነው። ዓለም የሚያወራበት ነገር ደጃችን ድረስ ሲመጣ እኛ ዝም ብለን ልንቀመጥ ነው ወይ? አልን። የጉባኤዎቹ ጽሑፎች በነፃ ስለሚገኙ የሚያስፈልገን ቤትና ቡና ብቻ ነበር። ቤቱ ዱባይ ውስጥ ኡድ ሜታ በሚባለው ሰፈር ሁለት ጓደኞቻችን በጋራ የተከራዩት ሆነ። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሜትሮው አረንጓዴ መስመር ያልፍበታል፤ ከሻርጃና ከአጅማን በአውቶቡስ ለሚመጡትም ቢሆን ከኢትሃድ መንገድ መጨናነቅ በቀር አይርቅም። ቀኑም እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተስማማን።

በመጀመሪያው እሑድ 11 ሰዎች መጡ። እኔም ሰብሳቢ ነኝ በሚል ስሜት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን፣ ዛሬ ለሚታዩት የቋንቋ ሞዴሎች መሠረት የሆነውን የትራንስፎርመር ጽሑፍ ይዤ ቀረብኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻዬን ተናገርኩ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ጥያቄ አለ ወይ ብል የሚጠይቅ የለም። እኔም ዝምታውን እንደ መረዳት ቆጠርኩት። በሦስተኛው ወር የቀረነው 5 ብቻ ነበርን፤ ከነዚህም ሁለቱ የቤቱ ተከራዮች ስለሆኑ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ለመሆኑ ጓደኞቻችን የሸሹት ሰንፈው ነው? አይደለም። ጽሑፎቹን የመረጥኳቸው ለክበቡ ስለሚጠቅሙ ሳይሆን ስማቸው ስለገነነ ነበር። እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ ደገምኩት እንጂ አላስረዳሁትም። በየጽሑፉ መጨረሻ ያለውን ሰንጠረዥ እያሳየሁ «ይህ ከዚያ በሁለት ነጥብ ይበልጣል» ማለትን እንደ ዕውቀት ቆጠርኩት።

ነገሩን የለወጠችው ተማሪ ያልሆነች እኅታችን ናት። የአንዱ ጓደኛችን የአክስት ልጅ ስትሆን ሻርጃ ውስጥ በሰው ቤት ልጆች ታሳድጋለች። የሳምንት ዕረፍቷ እሑድ በመሆኑ ዘመዷን ለማየት ትመጣለች፤ ቡናውንም የምታፈላልን እሷ ነበረች። ያን ዕለት የምናነበው እ.ኤ.አ. በ2002 ስለቀረበው የትርጉም መለኪያ ነበር። ስሙ «ብሉ» ይባላል። ስሙን ስትሰማ «ምኑን ነው የምንበላው?» ብላ አሳቀችን። መለኪያው ማሽኑ የተረጎመውን ሰው ከተረጎመው ጋር ያስተያይና ከአንድ እስከ አራት ቃል ድረስ ያሉት ተከታታይ ቃላት ምን ያህል እንደተገጣጠሙ ይቆጥራል። ይህን ስናገር ስኒውን አስቀመጠችና፦

«ወንድሜ፣ እንዳላቋርጥህ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች።

የነገረችን ይህ ነው። ከምታሳድጋቸው ልጆች ትልቁ ታናሹን መምታት አብዝቶ ነበር። ለእመቤቷ «ትልቁ ልጅ ይመታል» ብላ በስልክ ጻፈች። የስልኩ ተርጓሚ ግን «ትልቁ ልጅ እየተደበደበ ነው» ብሎ አደረሰው። እመቤቲቱ ከሥራ ቦታዋ ደነገጠች፤ «ልጄን የሚመታው ማነው?» አለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኅታችን በቀር ሌላ ትልቅ ሰው የለም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ተገኝቶ መልእክቱን እስኪያስረዳላት ድረስ ሁለት ቀን በጥርጣሬ ታየች። «ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም» አለችን። ቀጥላም፦ «እንግዲህ ያቺ የኔ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ የት ላይ ናት?»

መልስ የሰጠ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ልጁ መቺ ነው፤ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነበቡ ግን ልጁ ተመቺ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይበላል»፣ «ይሰማል»፣ «ገና» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። አንባቢ ከዙሪያው ይረዳዋል፤ ማሽኑ ግን ከተማረበት ጽሑፍ ብዛት ይገምታል። ሺ ዓረፍተ ነገር በአንድነት በሚለካበት ጊዜ መቺውን ተመቺ ያደረገ አንድ ስሕተት ከቁጥሩ ላይ የሚቀንሰው ከኢምንት አይቆጠርም። በመሠረቱ መለኪያውን ያወጡት ሰዎች የጽሑፍን ጠቅላላ ጥራት እንዲያሳይ እንጂ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዲዳኝ አላሰቡትም። ጥፋቱ ቁጥሩን እንደ ፍርድ የተቀበልነው የኛ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራራችንን ለወጥን። አንደኛ፣ ሰንጠረዡ ከመነበቡ በፊት በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች ይነበባሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል ጽሑፉን የሚፈትንበት 5 የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ሰብሳቢነቱ በተራ ሆኖ ማብራሪያው በአማርኛ ይሰጣል፤ አማርኛ ስም የሌለው ነገር ካለ ሥራው ይነገራል።

ውጤቱ ቶሎ ታየ። ቃልን በተደጋጋሚ በሚገኙ ቁርጥራጮች ስለመክፈል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ጽሑፍ ስናነብ፣ ሙከራው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛና ወደ ሩሲያኛ እንደነበር አየን። እኛ ደግሞ «ሰበረ» እና «ስብራት» የሚሉትን በወረቀት ጽፈን በመቀስ ቆራረጥናቸው። ዘራቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ስለያዙ፣ በፊደል ደረጃ ለሚቆርጥ ማሽን የሁለቱ ቃላት ዝምድና አይታይም። ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው ሆርንሞርፎ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ የቃሉን ዘር በደንብ እየፈለገ የሚያወጣው ለምን እንደሆነ የገባን ያን ጊዜ ነው።

የማሳካኔ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የስም መለያ መረጃ ያወጡበትን ጽሑፍም አነበብን። ከአሥሩ በላቲን ፊደል የማይጻፈው አማርኛ ብቻ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ስም በመልኩ አይለይም። እኅታችን «ፀሐይ ወጣች» የሚለውን ጽፋ በመሐል አስቀመጠችው። የጠዋቷ ፀሐይ ናት ወይስ ጎረቤታችን ፀሐይ? በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሰዓት ተከራከርን። ያን ዕለት ራሱን የነቀነቀ አልነበረም፤ ሁሉም ይናገር ነበር።

ዛሬ ዘወትር የምንገኘው 9 ነን። በደብተራችን ማሽን የሚሳሳትባቸው 64 ዓረፍተ ነገሮች ተጽፈዋል። ይህ ምርምር ነው አንልም፤ የምናነበውን የምንፈትንበት ሚዛን ነው እንጂ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል። እኅታችን ዛሬ ለእመቤቷ ስትጽፍ «ትልቁ ልጅ ታናሹን ይመታል» ብላ አሟልታ ነው። ብልኅነት ነው፤ እንጀራዋን ያስጠብቃታል። ነገር ግን ማሽኑ ለሰው መስተካከል ሲገባው ሰው አማርኛውን ለማሽኑ ማስተካከል ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ከኛ በፊት ማን ያየዋል? መማር ዕድል የሆነልን እኛ ሰንጠረዥ እያነበብን ራሳችንን ብንነቀንቅ ምን ረባናት?

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ባለህበት ከተማ እንዲህ ያለ ክበብ ለመጀመር ብታስብ አስቀድመህ የገነነ ጽሑፍ አትፈልግ። አስቀድመህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈልግ፤ ከሕይወት የወጣች፣ ስሕተቷ ሰው የሚጎዳ ትሁን። ቡና የምታፈላውንም እኅት ከጓዳ ጠርተህ ከክበቡ መሐል አስቀምጣት። ቡናውን በተራ ማፍላት ይቻላል፤ እኛም እንደዚያው እያደረግን ነው።