«ኢንዛይም ሁሉ ፕሮቲን ነው» ከማን ሰማን?



መድረሳ ከቀራን ሰዎች ጋር አብሮ ያደገ አንድ ልማድ አለ። አንድን ነገር «እንዲህ ነው» ብለን ስንናገር ኡስታዛችን ወዲያው «ከማን ሰማችሁት?» ይሉናል። ቃሉን አሳምሮ መሐፈዝ ብቻውን አይበቃም፤ ሰነዱ፣ ማለትም ከማን ወደ ማን ተላልፎ እኛ ዘንድ እንደደረሰ፣ አብሮ ይጠየቃል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጠን፣ አጥንተን፣ ተፈትነን እናልፍ ነበር። «ይህን ማን አለው? እንዴትስ አወቀ?» የሚለን ሰው እምብዛም አልነበረም።

በጀመዓችን የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ አንዲት የ12ኛ ክፍል እህታችን ሁለቱን ልማዶች ፊት ለፊት አገናኘችብን። ደብተሯ ላይ «ኢንዛይሞች ሁሉ ፕሮቲን ናቸው» ተብሎ ተጽፏል። «ፕሮቲን ያልሆነ ኢንዛይም አለ የሚል አንብቤያለሁ፤ ፈተና ላይ እውነት ልበል ወይስ ሐሰት?» አለችን። ከመካከላችን ገሚሱ «ሀገር አቀፍ ፈተና ቀልድ አይደለም፤ ደብተሯ ያለውን ትመልስ» አለ። ገሚሱ ደግሞ «አማና አለብን፤ እያወቅን እንዴት እናሳስታት?» አለ። ሁላችንም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለሆንን ባዮሎጂው ሩቅ ነበር። ስለዚህ ለሳምንት ቀጥረናት የዓረፍተ ነገሩን ሰነድ ፍለጋ ገባን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰነዱ መጀመሪያ የወሰደን ወደ 1926 ነው። አሜሪካ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ሰምነር የተባለ ሰው፣ በልጅነቱ በአደን አደጋ አንድ እጁን ያጣ፣ ዩሪያን የሚሰብረውን ዩሪዬዝ የተባለ ኢንዛይም ከባቄላ መሰል ጥራጥሬ በክሪስታል መልክ ለይቶ አወጣ፤ ፕሮቲን መሆኑንም አሳየ። በጊዜው የነበሩ ታላላቅ ኬሚስቶች ለዓመታት አልተቀበሉትም። ቀጥሎ ሌሎች ኢንዛይሞች በየተራ ሲመረመሩ እነሱም ፕሮቲን ሆነው ተገኙ፤ ሰምነርም በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ያለው ቃል ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የብዙ ሰው ልፋት አለበት። ነገር ግን ያ ልፋት የሚያስረዳው «እስካሁን ያየናቸው ፕሮቲን ናቸው» የሚለውን ነው። «ሁሉ» የምትለዋ ቃል በመንገድ ላይ የተጨመረች ናት።

ሁለተኛው ሰነድ ወደ አንድ ትንሽ መቀስ ወሰደን። ሴል ፕሮቲን ሲሠራ አሚኖ አሲዶችን ተሸክሞ ወደ ራይቦሶም የሚያደርስ አጓጓዥ አር.ኤን.ኤ አለ። ይህ አጓጓዥ መጀመሪያ ሲሠራ ከፊቱ ትርፍ ቁራጭ ይዞ ይወጣል፤ ቁራጩ በትክክለኛው ቦታ ካልተቆረጠ ለሥራ አይበቃም። ቆራጩ ኢንዛይም አር.ኤን.ኤዝ ፒ ይባላል። በየል ዩኒቨርሲቲ ሲድኒ አልትማን ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ አውጥቶ ሲመረምረው ሁለት ክፍል አገኘ፦ 377 ፊደላት ያሉት አንድ ረጅም አር.ኤን.ኤ እና አንድ ትንሽ ፕሮቲን። በተለመደው እውቀት ቆራጩ ፕሮቲኑ መሆን ነበረበት። በ1983 የአልትማን ቡድን ከኖርማን ፔስ ቡድን ጋር ሆኖ ፕሮቲኑን አስወገደና በቂ ማግኒዥየም ባለበት አር.ኤን.ኤውን ብቻውን ሞከረ። አር.ኤን.ኤው ብቻውን፣ ያውም በትክክለኛው ቦታ ላይ ቆረጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቶማስ ቼክ ራሱን በራሱ የሚቆርጥ አር.ኤን.ኤ አግኝቶ ነበር። ሁለቱ በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ።

እዚህ ላይ «በቃ፣ ይህ መቀስ አር.ኤን.ኤ ነው» ብለን ልንዘጋ ነበር። ሰነዱ ግን አላበቃም። በ2008 ቪየና ያሉ ተመራማሪዎች በሰው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ሦስት ፕሮቲኖች አገኙ፤ አር.ኤን.ኤ የሚባል የለባቸውም። በ2010 ደግሞ በአንድ ተክል ውስጥ ሥራውን ብቻውን የሚጨርስ አንድ ፕሮቲን ተገኘ። በ2017 አኩዊፌክስ በተባለ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ ውስጥ ሌላ ዓይነት፣ በጣም ትንሽ ፕሮቲን ተገኘ። በእኛው ሴል ኒውክለስ ውስጥ ግን አሁንም ያው አር.ኤን.ኤ ከአሥር ያህል ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ይሠራል። በአንድ ሴል ውስጥ ሁለቱም መቀሶች አሉ ማለት ነው።

ብዙ ተመራማሪዎች አር.ኤን.ኤው ቀዳሚ እንደሆነ፣ ፕሮቲኖቹም ቀስ በቀስ እንደተጨመሩበት ያስባሉ፤ በባክቴሪያ አንድ፣ በእርሾ ዘጠኝ ናቸውና። ብቻቸውን የሚቆርጡት ፕሮቲኖች ግን ከእነዚህ አጋዦች የወጡ አይደሉም፤ በሌላ መንገድ መጥተው እዚያው ሥራ ላይ የደረሱ ናቸው።

እኛን ኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹን እጅግ የገረመን በ2014 የወጣው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ የእርሾን ባለ አሥር ክፍል ማሽን አስወግደው በቦታው አንድ ፕሮቲን ብቻ ተኩ፤ ፕሮቲኑም የተወሰደው የእንቅልፍ በሽታ ከሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነበር። እርሾው በደህና ማደጉን ቀጠለ። ታዲያ አንድ ክፍል የሚበቃ ከሆነ እርሾ አሥሩን ለምን ይዞ ቆየ? እኛ እንደሚመስለን፣ አንድ ቀን እንኳ ሊቆም የማይችል ማሽን በቀላሉ አይቀየርም። የከተማን ዋና የውኃ መስመር ውኃው ሳይቋረጥ ለመቀየር የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከባዶ ወረቀት የሚነሣ ንድፍ በእኛ ፕሮጀክት ላይ እንጂ ሴል ውስጥ የለም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ለእህታችን ይህን ሁሉ ነገርናት። «አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው» ብለሽ ያዢ፤ «ሁሉ» ከሚል ጥያቄ ጋር ከተገናኘሽ እኛ የምናውቀው መልስ ሐሰት ነው፤ ነጥብ ሊያስቀንስሽ እንደሚችል ግን አንደብቅሽም አልናት። «አራሚው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ሰነድ አይጠየቅም» ብላ አሳቀችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣችና «ሁሉ» የሚለውን ሰረዘችው።

ያቺን መስመር የሰረዘችው ፈተናው ከፊቷ እያለ ነው። እኛ ፈተናውን ያለፍን ሰዎች ምን ሰበብ አለን? በየትምህርት ክፍላችን የሐፈዝናቸው ቀመሮች፣ የደህንነት ቁጥሮች፣ «ሁልጊዜ» እና «ሁሉ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ናቸው። ነገ ድልድይና የኤሌክትሪክ መስመር የምንሠራው በእነሱ ነው። ስለዚህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ፣ ኢንሻአላህ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እያንዳንዳችን የሐፈዝነውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘን እንመጣለን፤ ሰነዱንም አብረን እንፈልጋለን። እናንተም የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።