ቴራፒስቱ ከሄደ በኋላ

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይ ሜሪላንድ በኩል፣ አበሻ ሠራተኛ የሌለበት ነርሲንግ ሆም ማግኘት ይከብዳል። በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ጀምረን፣ ሌሊት እየሠራን ቀን ተምረን ኤልፒኤን የሚባለው ነርስ የሆንን ብዙ ነን። ይህን የምጽፈው በቅድሚያ ለእኛ ለሙያው ሰዎች ነው። እናቱን ወይም አባቱን እንዲህ ያለ ቤት ያስገባ ሰውም ቢያነበው እወዳለሁ።

አንድ አዛውንት ዳሌያቸው ተሰብሮ ወይም ስትሮክ አግኝቷቸው ከሆስፒታል ሲመጡ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ አላቸው። ፊዚካል ቴራፒስቱ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይመጣል፤ ያስነሳቸዋል፣ ያራምዳቸዋል። ሜዲኬር ለዚህ ቆይታ የሚከፍለው ቢበዛ እስከ 100 ቀን ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ታካሚውም የሚከፍለው ድርሻ አለ። ብዙ ጊዜ ግን መቶው ቀን ሳይሞላ «ከዚህ በላይ ለውጥ አይታይም» ተብሎ ቴራፒው ይቆማል። ሰውየው በዎከር 40 ሜትር መራመድ ችለው ነበር እንበል። ከሁለት ወር በኋላ ስታዩዋቸው ዊልቸር ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ ታጥፎ ቀርቷል፣ ከአልጋ የሚወርዱት በማሽን ነው። አዲስ በሽታ አልያዛቸውም። የሚያስነሳቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

አዛውንት ላይ ጡንቻ የሚቀልጥበት ፍጥነት ያስደነግጣል። በ2007 በወጣ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ነገር ግን ጤነኛ የሆኑ ፈቃደኞች 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶ ተገኝቷል። እነዚያ እንግዲህ ጤነኞቹ ናቸው። በሌላ በኩል በ1990 ዶክተር ማሪያ ፊያታሮንና ባልደረቦቿ ቦስተን ውስጥ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ ጥቂት የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አስነሷቸው፤ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመት! ይህን ካወቅሁ ወዲህ «አርጅተዋል፣ ተዉአቸው ይረፉ» ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1987 የወጣው የአሜሪካ የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ፣ ነዋሪው መሥራት የሚችለውን ነገር በሽታው ካላስገደደ በቀር እዚያው ቤት እያለ እንዳያጣ ያዛል። ቴራፒስቱ ሲወጣ ሥራውን የሚረከበው ሬስቶራቲቭ ነርሲንግ የምንለው ነው፤ ማራመድ፣ መገጣጠሚያ ማፍታታት፣ ራሳቸው እንዲለብሱና እንዲበሉ ማለማመድ። የሚመራው ነርስ (ኤልፒኤን ወይም አርኤን) ነው፣ የሚሠራው ሲኤንኤ። እያንዳንዱ ልምምድ በቀን ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 6 ቀን ካልተሠራ ደግሞ ለክፍያ አይቆጠርም። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር አለ። የጎደለው ሥልጠናው ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለሲኤንኤ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ኢንፌክሽን መከላከል፣ ደም ግፊት መለካት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሰውን መልሶ ለማቆም የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዓመታዊ ሥልጠና በብዙ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቪዲዮ አይቶ መልስ መጫን ሆኗል። ሰው ማስነሳት በቪዲዮ አይለመድም።

ጥሩ ሥልጠና ምን እንደሚመስል ያየሁትን ልንገራችሁ። ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች የአገራችን ልጅ፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የያዛቸውን አንዲት አዛውንት ልታስነሳ ስትል ቴራፒስቷ አጠገቧ ቆመች። ሸሚዙ መጀመሪያ በደካማው እጅ ይገባል፤ ሲወልቅ ከጤነኛው ይጀመራል። ደካማውን ክንድ ይዞ መጎተት የለም፣ ትከሻው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጣሉ፣ ደም ግፊታቸው ወርዶ እንዳያዞራቸው። ሲነሱ የሚያዙበት ቀበቶ፣ ጌት ቤልቱ፣ ወገባቸው ላይ ይታሰራል። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋሉ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው ትይዩ እስኪሆን ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ በጤነኛው እጃቸው ፍራሹን ይገፋሉ። ልጅቷ በደካማው ጎን ቆማ «አሁን ይነሱ» አለች፤ ወዲያው ግን እጇ ሊያነሳቸው ሄደ። ቴራፒስቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ቆይ፣ በልብሽ ቁጠሪ» አለቻት። ስምንት ላይ ሴትዮዋ ራሳቸው ተነሱ።

እንዲህ ታግሶ መቆየት ለእኛ ከሁሉም ይከብዳል። ያደግነው ለትልቅ ሰው ከመቀመጫ ተነስተን፣ እጅ አስታጥበን ነው። አንድ አባት ቁልፋቸውን ለመቆለፍ ሲታገሉ ቆሞ ማየት ነውር ይመስለናል። በዚያ አስተዳደግ እኮራለሁ፤ ነዋሪዎቹ የሚወዱንም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ቁልፉን እኔ በቆለፍኩላቸው ቁጥር ጣቶቻቸው አንድ ልምምድ ያጣሉ። ይህን ማንም ቀድሞ ካልነገራት ልጅቷ ከየት ታውቀዋለች? ሰዓቱም አያግዝም። በጠዋት ፈረቃ አሥርና ከዚያ በላይ ነዋሪ የተሰጣት ሲኤንኤ ራሷ ብታለብሳቸው ቶሎ ታልፋለች፤ እስኪለብሱ ከጠበቀች ቁርስ ያመልጣል። ለሬስቶራቲቭ የተመደበችውም ሰው በጎደለ ቁጥር ወደ ፍሎር ትጠራለች፤ ያን ቀን የሚራመድ የለም። ይህ እንደ ደንብ ተቆጥሮ ሲኖር ማየት ያንገበግበኛል።

አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶችና አባቶች ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ቴራፒስቱ በስልክ አስተርጓሚ «ክብደትዎን ወደ ቀኝ ያድርጉ» ሲል፣ ትርጉሙ እስኪደርስ ሰውነታቸው ሌላ ቦታ ነው። ቻርቱ ላይ «ትእዛዝ አይከተሉም» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። አማርኛ የምትናገር ሠራተኛ በቴራፒው ሰዓት አብራ እንድትቆም ቢደረግ እሳቸውም ይረዳሉ፣ እሷም ሥራውን ትማራለች።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቴራፒስቱ ታካሚውን ከመልቀቁ በፊት፣ ያንን ክፍል የምትሠራዋ ሲኤንኤና ኃላፊዋ ኤልፒኤን አልጋው ዘንድ ይገኙ፤ እነሱ እየሠሩ እሱ ይመልከታቸው፣ ያርማቸው። የማታና የቅዳሜ እሑድ ሠራተኛም አይቅር። የሬስቶራቲቭ ሠራተኛ ሰዓት ማንም የማይነካው ይሁን።

ቤተሰብ የሆናችሁ ደግሞ በየሦስት ወሩ ገደማ የኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ አለላችሁ፤ ተገኙ። ቴራፒው ሲያልቅ ማን እንደሚያራምዳቸው በስም ጠይቁ። ማን አሠለጠነው? በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? እሱ ዕረፍት ሲወጣስ? «ለውጥ ስለሌለ ሜዲኬር አይከፍልም» ካሏችሁ፣ በ2013 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጂሞ ስምምነት አለ፤ ያሉበትን ደረጃ ለመጠበቅ ወይም መውረዱን ለማዘግየት የባለሙያ እጅ የግድ ከሆነ፣ መሻሻል አለመታየቱ ብቻውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። መቶው ቀን ግን አይጨምርም። ክፍያው ከመቆሙ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ የሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ የይግባኝ ስልክ ቁጥር አለ፤ የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ በዚያው ቀን ደውሉ።