የሐረር ቤት ቀይ መደብ

ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን ለማንገሥ ከአዲስ አበባ በደጋው መንገድ የሚጓዝ ምእመን፥ ከቁልቢ ጥቂት ቀደም ብሎ ጨለንቆ በምትባል ከተማ በኩል ያልፋል። ብዙዎቻችን ስሟን ሰምተን እናልፋለን እንጂ ታሪኳን አንጠይቅም። ለእኛም ነገሩ የተገለጠልን፥ ከንግሡ በኋላ መንገዳችንን ቀጥለን ሐረር በደረስን ጊዜ ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት የጀጎል ግንብ የተከበበችው ጥንታዊት ሐረር፥ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፋለች። በጠባቦቹ መንገዶች አልፎ ወደ ሐረሪ ቤት የሚገባ እንግዳ፥ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው። ግድግዳው በኖራ ነጥቶ ልዩ ልዩ ስፌትና ሳሕን ተሰቅሎበታል፤ ወለሉና ከወለሉ ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩት መደቦች ግን እንደ በሰለ የቡና ፍሬ በደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። መደቡን በቋንቋቸው «ነደባ» ይሉታል። መደቦቹ አምስት ሲሆኑ በየትኛው ማን እንደሚቀመጥ በወግ የተወሰነ ነው፤ «አሚር ነደባ» የሚባለው ለቤቱ ጌታና ለክቡር እንግዳ የተለየ ነው።

ቀለሙ ቀድሞ የሚዘጋጀው ከቀይ አፈር ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቤት የዘይት ቀለም ተተክቶበታል። ቢሆንም መልኩን አልለወጡትም። ስለ ምን እንደ ሆነ በጠየቅናቸው ጊዜ፥ ያስተናገዱን እናት ቀይነቱ በጨለንቆ ለወደቁት ወገኖቻቸው ደም መታሰቢያ መሆኑን ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙ በለሰለሰ አንደበት ነገሩን።

በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሠራዊትና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ሠራዊት በጨለንቆ ተዋግተው፥ ድሉ ለሸዋ ሆነ፤ ሐረርም ተያዘች። ኋላ የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኰንንም አገሩን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ጦርነቱ የሆነው በገና ሰሞን ነበር። እንግዲህ በእኛ ቤት ቄጤማ ተጎዝጉዞ እልል በሚባልበት ሰሞን፥ በእነዚህ ቤቶች የለቅሶ ድምፅ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ይህን ስናስብ በተቀመጥንበት መደብ ላይ ዝም አልን።

እኒያ እናት ግን ያስቀመጡን በአሚር ነደባ ላይ ነበር። ወራቱ ጾመ ነቢያት መሆኑንም እኛ ሳንነግራቸው ዐውቀው፥ ቡናውን ወተት ሳይነካው አቀረቡልን። የሙታናቸውን መታሰቢያ ከቤታቸው አላጠፉም፤ የእንግዳንም ስፍራ አልነፈጉም። ሁለቱን በአንድ መደብ ላይ አኑረዋቸዋል።

ቀይ ቀለም ለእኛም እንግዳ አይደለም። እስራኤል ከግብፅ በወጡበት ሌሊት የበጉ ደም በመቃኑና በጉበኑ ላይ ተቀብቶ ነበር፤ የሰማዕታትንም ደም በቤተ ክርስቲያን ዘወትር እንዘክራለን። ደም የሚታሰበው ግን ሌላ ደም እንዲፈስ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ቁልቢ በምትወርድበት ጊዜ ልጆችህ ጨለንቆን ሲያልፉ ስሟን ብቻ ሳይሆን ታሪኳንም ንገራቸው። ከተቻለህም ሐረር ድረስ ይዘሃቸው ዝለቅ፤ በቀዩም መደብ ላይ ሲቀመጡ ከጫማቸው አስቀድመው ትዕቢታቸውን በደጅ ያውልቁ።