እግሩ ከዛለው ልጅ ጀርባ ያሉት

በመሰላም ሆነ በጭሮ ዙሪያ ገጠሮች የአንድ ልጅ እግር በድንገት ሲዝል ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። ወድቆ ይሆናል፣ ምች መትቶት ይሆናል ይባላል። ወጌሻ ይጠራል፣ ይታሻል፣ ዱዓ ይደረግለታል። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ለፖሊዮ ምርመራ ግን ዋናው ጊዜ ያ ሁለት ሳምንት ነው።

የፖሊዮ ቫይረስ ከያዛቸው 200 ልጆች መካከል አካሉ የሚዝለው አንድ ገደማ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱን ያህል ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ማስመለስ ለጥቂት ቀናት ይይዘውና ይለቀዋል፤ እናት ጉንፋን መስሏት ትረሳዋለች። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ፍየል ይጠብቃሉ፤ ቫይረሱ ግን ለሳምንታት ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣል። እጅ ሳይታጠብ ወደ ምግብ፣ ከሜዳ ወደ ምንጭ ውኃ ይገባል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲዝል የምናየው የመጨረሻውን ነው፤ ቫይረሱ በመንደሩ ሲዞር ሰንብቷል።

ይህ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሶማሊያ የተሻገረው ዋይልድ (የተፈጥሮው) ፖሊዮ በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ልጆችን አሽመደመደ። አፍሪካ ከዚያ ዓይነቱ ቫይረስ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ታወጀ፤ ከክትባት የመነጨው ዓይነት 2 ፖሊዮ ቫይረስ ግን ቀድሞ በ2019 በዚያው ዞን በቦህ ወረዳ ተገኝቶ ነበር፣ በኋላም ኦሮሚያ ደርሷል። ክትባቱ ራሱ ነው የሚያሳምመው ብለው የሚሸሹ አሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በአፍ በሚሰጠው የክትባት ጠብታ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ ተለውጦ ኃይሉን ያገኛል። መንገዱ የሚዘጋው ልጆች ሁሉ ሲከተቡ ነው።

ሳይታመም ቫይረሱን የያዘውን ልጅ ባለሙያዎች እንዴት ያገኙታል? በትልልቅ ከተሞች ከፍሳሽ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 አንድም ልጅ ሳይዝልባት ቫይረሱን ራሃት በተባለች ከተማ ፍሳሽ ውስጥ አግኝታ ልጆቿን እንደገና ከትባለች። በአዲስ አበባም የፍሳሽ ናሙና ይወሰዳል። መሰላ ላይ ግን የፍሳሽ መስመር የለም፤ ያለን የልጆቹ ዓይነ ምድር ነው።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው የዛለው ልጅ ቤት ትንሽ ክዳን ያላት ዕቃ ይዞ ይመጣል። 8 ግራም ያህል፣ አውራ ጣት የምታክል ዓይነ ምድር ይወስዳል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ፣ ምክንያቱም ቫይረሱ በየቀኑ እኩል አይወጣም። ናሙናው በበረዶ ታሽጎ ከጭሮ በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይለቀው በሦስት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።

ቤተሰቡ ዘግይቶ ከተናገረና ናሙናው ካልተሟላ፣ ባለሙያው አብረውት ከሚጫወቱ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ይወስዳል። «ልጄ ጤነኛ ነው፣ ምን ሊያደርጉለት ነው?» የምትል እናት አትፈረድባትም፣ ማንም አላስረዳትም። ዝምተኛው ቫይረስ የሚያዘው ግን በዚያ ጤነኛ ልጅ ላይ ነው፤ በዚያ ምክንያት የሌሎች ቤቶች ልጆች ይተርፋሉ።

በሂርና፣ በገለምሶ፣ በሚኤሶ፣ በመሰላ ያላችሁ ወላጆች፣ ወጌሾችና የሃይማኖት አባቶች፦ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ መንስኤው ምንም ይምሰላችሁ፣ ዕለቱን ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሩ። ቢዘገይ እንኳ ከ14 ቀን በፊት ንገሩ።