ወደ መርከብ ከመውጣት በፊት በአላስካ ዱር የሚታለፉ ቀኖች

በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የሚኖሩት ታላቅ እኅቴ ሰባኛ ዓመታቸውን ሊፈጽሙ በተቃረቡ ጊዜ፥ ልጆቻቸው ተመካክረው በአላስካ ባሕር ዳርቻ የሰባት ቀን የመርከብ ሽርሽር ሊሰጧቸው ቈረጡ፤ እኔም ከአዲስ አበባ መጥቼ አብሬያቸው እንድሄድ ጠሩኝ። እኅቴ ስጦታውን አመስግነው ከተቀበሉ በኋላ፦ «መርከቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመርከብ ላይ የሚታየው የባሕሩ ዳር ብቻ ነው። አገሩን ሳልረግጥ አየሁት ማለት አልችልም። ጕልበቴም እንደምታዩት ነውና ለሁለተኛ ጊዜ አያመጣኝም» አሉ። ስለዚህ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ጥቂት ቀን ጨምረን ወደ ውስጥ ገብተን ዱሩንና ተራራውን እንድናይ ተስማማን። ዕድሜዬን በመዝገብና በቀጠሮ መካከል ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ ቀኑን የማከፋፈሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስብ ቤተ ሰብ ከአንባቢዎቻችን መካከል አይጠፋምና ያሰብነውንና ያገኘነውን እጽፋለሁ። ዓመታቱ የተጻፉት በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የእኛም ጉዞ የሆነው በ2023 ዓ.ም. ነው።

አስቀድሞ የእኅቴ ልጅ የራሱን አሳብ በወረቀት አቀረበልኝ። በአንኮሬጅ ከአይሮፕላን ወርደን ኦቶሞቢል ተከራይተን ወደ ፌርባንክስ እንወጣለን፤ በመንገድ ላይ የዴናሊን ተራራ እናያለን፤ ከዚያ ተመልሰን ወደ ሆመር፥ ከሆመርም ወደ መርከቡ እንወርዳለን፤ ይህ ሁሉ በአምስት ቀን ይፈጸማል ይላል። እኔም እርሳስ አንሥቼ ርቀቱን ብደምረው 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ወጣቱን ወቀስሁት ለማለት አይደለም፤ ካርታውን ሲያዩት ሁሉም ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን አላስካ ስፋቷ 1,700,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ከአገራችን ከኢትዮጵያ በግማሽ የምትበልጥ ምድር ናት። በ1867 ዓ.ም. አሜሪካ ከመስኮብ መንግሥት በ7,200,000 ዶላር ስትገዛት፥ ውሉን የተዋዋለውን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ሱዋርድን በረዶ ገዛህ እያሉ የዘበቱበት ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ መርከቦቹ ከሚነሡባቸው ወደቦች አንዱ በስሙ ይጠራል።

«ልጄ፥» አልሁት፥ «እናትህ ያሉት ዱሩን ልይ እንጂ መንገዱን ልቍጠር አይደለም።» እርሱም፦ «ጋሼ፥ አንድ ቦታ ብቻ ተቀምጠን ምን እናያለን?» ሲል መለሰ። ክርክሩ በስልክ ሁለት ሳምንት ቈየ።

እኔን ወደ አንድ ቦታ ያስጠጋኝ የተራራው ጠባይ ነው። ዴናሊ ከፍታው 6,190 ሜትር ሲሆን በሰሜን አሜሪካ ምድር ሁሉ የሚበልጠው የለም፤ የእኛ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ቁመት በበጋ ወራት በደመና ስለሚሸፈን፥ ሊያዩት ከሚመጡት ከሦስቱ ሰዎች አንዱ ያህል ብቻ አይቶት ይመለሳል ይባላል። እንግዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ መድቦ የሚያልፍ ሰው ያን ያህል ርቀት ተጕዞ ደመና አይቶ ሊመለስ ይችላል። ሁለት ሙሉ ቀን የመደበ ግን ተስፋው ሰፊ ነው። ከዚህ የተነሣ በተራራው ሥር ሦስት ሌሊት እንድናድር፥ ከሁለቱም ቀን አንዱ ምንም ሥራ ሳይጻፍበት ባዶ እንዲቀመጥ ቈረጥሁ። የእኅቴ ልጅ ባዶውን ቀን ባየ ጊዜ መጻፍ የረሳሁ መስሎት ነበር።

ስለ ተራራው ስም ጥቂት ልጨምር። ዴናሊ ማለት በአገሩ ተወላጆች በኮዩኮን ቋንቋ «ከፍ ያለው» ማለት ነው። ወርቅ ፈላጊዎች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፖለቲካ ሰው ስም ማኪንሊ አሉት፤ በ2015 ዓ.ም. ዴናሊ ተብሎ በመንግሥት ታወጀ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ማኪንሊ የሚለው ተመለሰ። የአገሩ ሰው ግን ዴናሊ ማለቱን አልተወም። በ1913 ዓ.ም. ወደ ጫፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡትን ሰዎች የመራው ሀድሰን ስተክ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆን፥ ጫፉን በፊተኛው እግር የረገጠው ዋልተር ሃርፐር የሚባል በእናቱ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ ወጣት ነው። ቄሱም ከወረደ በኋላ የቀድሞው ስም ይመለስ ብሎ በመጽሐፉ ተከራከረ።

ወሩን መምረጥ ሌላ ነገር ነበር። ወቅቱ የሚከፈተው ከግንቦት አጋማሽ አንሥቶ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ የሚያንሰው በሰኔ ነው። እኅቴ ግን በሐዋርያት ጾም በመርከብ ማዕድ ፊት መቀመጥ አልወደዱም፤ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 ቀን ይገባል። የቀረው ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30 ያለው ብቻ ሆነ። ዝናብ ይበዛበታል ብላቸው፦ «ዝናቡን ጃንጥላ ይከለክለዋል» አሉኝ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ስሕተት ያገኘሁት በመርከቡ ቲኬት ላይ ነው። በትልቅ ፊደል «አንኮሬጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ የእኅቴም ልጅ ይህን አይቶ ለመጨረሻው ሌሊት በአንኮሬጅ ሆቴል ይዞ ነበር። በሥሩ በደቃቅ ፊደል ግን «ሱዋርድ» ይላል። ሱዋርድ ከአንኮሬጅ በመኪና መንገድ 204 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ወደዚያም የሚያደርሰው አውራ ጎዳና አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ በገደልና በባሕር መካከል አደጋ ከደረሰ ለብዙ ሰዓት ይዘጋል፤ መርከቡም ስለ ማንም ብሎ አይቈይም። ሌላ ቲኬት ላይ ደግሞ በዚሁ ዐይነት አንኮሬጅ ተብሎ ወደቡ ዊቲየር ይሆናል። ወደ ዊቲየር የሚያስገባው ዋሻ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሆኖ ባቡርም ኦቶሞቢልም በአንዱ መሥመር በተራ የሚያልፉበት ነው፤ ተራው ያለፈበት ሰው ለሚቀጥለው መቈየት አለበት። ስለዚህ የመጨረሻውን ሌሊት በወደቡ በራሱ ማደር ይገባል። በዚህ ነገር የእኅቴ ልጅ አልተከራከረኝም።

ሌላው የወረቀት ጕዳይ የራሴ ነበር። መርከቡ ከአሜሪካ ተነሥቶ የሚያበቃው በካናዳ በቫንኩቨር ወደብ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1886 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ሕግ የሌላ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አንሥቶ በሌላው የአሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያወርድ ይከለክላል፤ ትልልቆቹም የሽርሽር መርከቦች ከጥቂቱ በቀር የሌላ አገር ባንዲራ የያዙ ናቸው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ ቪዛ አለኝ ብሎ ቢሄድ በቂ አይደለም፤ የካናዳም ያስፈልገዋል። እኔ የካናዳውን ያገኘሁት ከመነሣቴ ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀር ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም።

በአንኮሬጅ አንድ ሌሊት ካደርን በኋላ በማግሥቱ ጧት በባቡር ወደ ሰሜን ተነሣን። ይህ የባቡር ሐዲድ ከሱዋርድ እስከ ፌርባንክስ 756 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ በ1923 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ራሱ መጥቶ የወርቅ ችንካር መትቶ ሥራው መፈጸሙን አበሠረ። እስከ ዴናሊ በር ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በኦቶሞቢል ቢሆን ፈጥኖ ይደረስ ነበር፤ ነገር ግን በባቡር ሰው ሁሉ መስኮት ስለሚያገኝ፥ ጕልበቱም የደከመ ሰው ተነሥቶ ስለሚንቀሳቀስ፥ ለሽማግሌና ለባልቴት ከዚህ የተሻለ የለም።

የዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 24,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1917 ዓ.ም. የተቋቋመው ስለ ተራራው ሳይሆን ስለ በጎች ነው። በገደሉ ላይ የሚኖሩትን ነጫጭ የዱር በጎች አዳኞች ለገበያ ሥጋ ሲፈጇቸው፥ ቻርልስ ሼልደን የሚባል ራሱ አዳኝ የነበረ ሰው አይቶ አዘነና ቦታው እንዲጠበቅ ብዙ ዘመን ደከመ። በውስጡ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 148 ኪሎ ሜትር ሲሆን የግል ኦቶሞቢል የሚፈቀድለት እስከ 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ በፓርኩ አውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ቦታውንም አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ በ2021 ዓ.ም. በመንገዱ እኩሌታ አጠገብ የተራራው ጎን ተንሸራትቶ መንገዱን ይዞት ወረደ። ከመሬት በታች ዘመን ሳይቈጠርለት ረግቶ የኖረው በረዶ ስለ ቀለጠ ነው። በእኛ ጊዜ አውቶቡሱ ከ69ኛው ኪሎ ሜትር አላለፈም፤ ድልድይ ይሠራለት ተብሎ ተጀምሮ ነበርና፥ የሚሄድ ሰው እስከ የት እንደ ተከፈተ ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ።

በአውቶቡሱ ቀን ደመናው እስከ ኰረብታው ወገብ ወርዶ ተራራው የነበረበት አቅጣጫ እንኳ አይታወቅም ነበር። ነገር ግን በወንዙ ጠጠር ላይ አንዲት ድብ ሁለት ግልገሎቿን አስከትላ ስትሄድ አየን፤ ነጂው ሞተሩን አጠፋ፥ በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዝም አለ። በእግር የሚሄድ ሰው ከድብ 275 ሜትር ያህል እንዲርቅ ታዝዟል። በጎቹንም በሩቁ በገደል ላይ እንደ ተበተነ ጥጥ አየናቸው፤ እኅቴ ዋልያን አስታወሱ።

ባዶው ቀን ሲመጣ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። የእኅቴ ልጅ ምንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ዝምታው ይሰማኝ ነበር። የፓርኩ ጠባቂዎች በክረምት በበረዶ ላይ በውሻ በሚጐተት ጋሪ እየዞሩ አገሩን ስለሚጠብቁ፥ ውሾቹን በበጋ ለእንግዳ ያሳያሉ፤ ወደዚያ ሄድን። እኅቴ ከውሾቹ ጋራ ረዥም ጊዜ ቈዩ። ሌሊቱን ደግሞ ፀሓይዋ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ስላልጠለቀች እኅቴ፦ «የሠርክ ጸሎት በስንት ሰዓት ይደረሳል?» ብለው ጠየቁኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርቴ ይህን የሚመልስ አላገኘሁም። ለዐይን መሸፈኛ የሚሆን ጥቍር ጨርቅ መያዝ ይገባል፤ ለቢምቢም መከላከያ ቅባት።

በማግሥቱ ተራራውን ሳናይ ባቡር ተሳፈርን። አሳቤ ከሽፎ ነበርና መጽሐፍ ገልጬ ያነበብሁ መሰልሁ። ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ገደማ ወደ ታልኪትና ስንቃረብ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሠራተኛውም በቀኝ በኩል ተመልከቱ አለ። ደመናው ከሥር ሳይሆን ከላይ ተገልጦ ነበር። እኔ ዐይኔን ጣል ያደረግሁት ሰው ተራራ ይሆናል ብሎ በሚያስበው ከፍታ ላይ ነበር፤ እኅቴ ግን አገጬን በእጃቸው ወደ ላይ አቀኑልኝ። ጫፉ ከዚያ እጅግ በላይ በሰማይ ላይ ነበር። በትራቸውን በወንበሩ ላይ ጥለው መስኮቱን ይዘው ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ፤ ልጃቸው ከኋላ ሊደግፋቸው ቢል እጁን መለሱት።

በአንኮሬጅ አድረን ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 በተነሣው ባቡር ወደ ሱዋርድ ወረድን። ሱዋርድ ትንሽ ከተማ ናት። በ1964 ዓ.ም. በፈረንጆች የስቅለት ዓርብ ማታ በልኬቱ 9.2 የደረሰ የመሬት መናወጥ በሆነ ጊዜ ወደቧ በባሕር ማዕበልና በእሳት ጠፍቶ ነበር፤ እንደ ገና ተሠራች።

መርከቡ በማግሥቱ መንገደኛ የሚቀበለው ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ ጧቱ ተረፈን፤ ከከተማው በመኪና መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ግግር በረዶ በታክሲ ሄድን። በመንገዱ ላይ በረዶው በየዘመኑ የደረሰበትን የሚያመለክቱ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተክለዋል። ፓርኩ የተቋቋመበትን 1917 አይተን አለፍን። 1951 ከሚለው ዘንድ ስንደርስ እኅቴ በድንጋይ ላይ ተቀመጡና፦ «ይህስ በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጠኛል» አሉ። ከዚያ ሆነው በረዶው ሸሽቶ የደረሰበትን ከተመለከቱ በኋላ፦ «እኔንም እዚያ ድረስ ልታስኬዱኝ ነው?» ብለው ጠየቁ። የእኅቴ ልጅ ሰዓቱን አየ፤ እኔም አየሁ። ገና 4 ሰዓት ነበር። በትራቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ወደ መርከቡም በ8 ሰዓት ገባን።