አፍዴራ ላይ የጮኸው ባሌስትራ

ከኤርታ አሌ ግርጌ

የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ መኪና ከእግረኛ አይቀድምም። 613 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ግርጌ ተነስተን በአንደኛ ማርሽ ስንንፏቀቅ ከኋላ በስተቀኝ አንድ ጩኸት ተከተለን። ጉብታ ስንወጣ ሲጥ፣ ስንወርድ ሲጥ። አሸዋው ላይ ጠፋ፤ ኮረኮንቹ ሲጀምር ተመለሰ። ሾፌራችን ሬዲዮውን ዘግቶ አንገቱን በመስኮት አወጣና አዳመጠ። “ጨውና አቧራ ገብቶበት ነው፤ አፍዴራ ስንደርስ ዘይት እንቀባዋለን” አለ።

የያዝነው ሰባ የሚባለው የላንድክሩዘር ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ሲወጣ ጠንካራዎቹ ሞዴሎች ፊትም ኋላም ባሌስትራ ነበራቸው፤ በ1999 የፊቱ በሞላ ተተካ፤ ኋላው ጭነት ስለሚሸከም ባሌስትራው ቀረ። የእኛም ጀሪካን፣ ፍራሽና ትርፍ ጎማ ያረፈው እሱ ላይ ነው።

አፍዴራ

ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ዳርቻው ላይ በተቆፈሩት ኩሬዎች ውሃው ይገባል፣ ፀሐይ ትመጠዋለች፣ ጨው ይቀራል። ጨዉ በጆንያ ሆኖ በከባድ መኪና ወደ መሀል አገር ይጫናል። ይህን ያህል ጭነት በሚመላለስበት ከተማ ባሌስትራ የሚያውቅ ሰው አይታጣም።

ያገኘነው መካኒክ ፀጉራቸው የሸበተ የወሎ ሰው ናቸው። ሾፌራችን “ጋሼ፣ ትንሽ የተቃጠለ ዘይት አያጡም?” ሲላቸው፣ “አብሽር ልጄ፤ መጀመሪያ የቱ እንደሚጮህ እንወቅ” አሉት።

እኔንና ፎቶግራፍ አንሺውን ፓራውልቱ ላይ አቁመው መኪናውን ወደ ላይ ወደ ታች እንድንወዘውዝ አዘዙን። እሳቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘው ከሥር ገቡ። የባሌስትራው ብረቶች በሚደራረቡበት ላይ አፈሰሱ፤ ጩኸቱ አልቆመም። ወደ አሞርዛተሩ ጎሚኒ፣ ወደ ላስቲክ ቀለበቱ ማለት ነው፣ ዞሩ፤ አሁንም ሲጥ። የባሌስትራው የፊት ዐይን ውስጥ ያለውን ጎሚኒ ሲያርሱት ግን ፀጥ አለ። “ይኸው” አሉ ከሥር። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚያለሰልሰው፤ ሲደርቅ ይመለሳል። የጮኸውን ለመለየት ግን ይበቃል።

ዘይቱን ለምን እንዳልሰጡን የገባኝ ብሎኑ ሲፈታ ነው። ጎሚኒው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በአንድ በኩል ብረት ከብረት ጋር ተገናኝቷል። ዘይት ቢቀባ ጩኸቱ ለጊዜው ይጠፋ ነበር፤ ጎሚኒው ግን ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይልማል፣ ቶሎ ያልቃል። ቀጥሎ ብሎኑ ይበላል፣ ዐይኑ ይሰፋል፣ የኋላው አክስል ከመስመሩ ይወጣል። በተደራረቡት ብረቶች መካከል የገባ ዘይት ደግሞ አቧራውን ይዞ ያስቀራል፤ ባሌስትራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ሥራው ወዛቸውን አፈሰሰ። የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ታገቱ። ክሪኩ የገባው ከአክስሉ ሳይሆን ከሻሲው ሥር ነው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ባሌስትራው ጭነቱን እንዲያወርድ። ጨው የነከሰው ብሎን በመዶሻ እየተመታ ወጣ። አሮጌው ጎሚኒ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ፣ ዐይኑ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ከተፈታ ላንድክሩዘር የተረፈ ያልተሰነጠቀ ጎሚኒ በሳሙና ውሃ እየተንሸራተተ ገባ።

ሾፌራችን መፍቻውን አንስቶ ሊያጠብቅ ሲል እጁን ያዙት። “መጀመሪያ መሬት ይርገጥ።” ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ ያንኑ ጥምዝ ሲሸከም ይቀደዳል። መኪናው ወረደ፤ እኛ እንደገና ወዘወዝነው፤ ባሌስትራው ቦታውን ሲይዝ ብሎኑ ጠበቀ። ሂሳብ ስንጠይቅ፣ “ይኼ ያገለገለ ነው፤ መንገድ ያስጨርሳችኋል እንጂ አያዛልቃችሁም” ብለው ቀነሱልን።

ሎጊያ

የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች በሚተረማመሱባት ሎጊያ መኪናውን አሳጠብን። ሾፌራችን አጣቢውን ጣሪያውን አስትቶ ከሥር እንዲጀምር አደረገው፤ ከሻሲው ስንጥቅና ከባሌስትራው ድርብርብ ነጭ ውሃ ወረደ። ሲደርቅ እሱ ራሱ ተንበርክኮ ብሎኑን ፈተሸ፤ አዲስ ጎሚኒ የገባበት ብሎን መኪናው ከተነዳ በኋላ ስለሚረግብ ትንሽ አጠበቀው።

ከዚያ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ የቀኝም የግራም ጎሚኒ አዘዘ። ገንዘቡን የያዘው ፎቶግራፍ አንሺ ተቆጣ፦ “የጮኸው ቀኙ ነው፤ የግራውን ምን ያደርግልናል?”

“ግራውስ በአውሮፕላን መጣ እንዴ?” አለው ሾፌራችን፣ እጁን ለሂሳብ ዘርግቶ።